ቲክቶክ በሌለበት ወራትስ የት ነበራችሁ?

ሰሞኑን የአንድ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ አየሁ። ተመልካች እንደቀነሰባቸው አልደበቁም። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን መልሱ ምላሳቸው ላይ ነበር። ጥፋተኛው ቲክቶክ ነው። ወጣቱ ስልኩ ላይ ተተክሎ ይውላል፣ ከአንድ ደቂቃ ያለፈ ነገር የማየት ትዕግሥት የለውም፣ ታዲያ እኛ ምን እናድርግ አሉ። ቀጥለው ውሳኔያቸውን ነገሩን። ከአዲስ አበባ ውጭ የሚሠሩ ዝግጅቶችን ሊቀንሱ ነው። ወጪያቸው ብዙ ነው፤ ክልል ያለው ተመልካች ደግሞ ስፖንሰር አያመጣም።

ክልል ያለው ተመልካች ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። የምኖረው ጎንደር ነው።

የጣቢያውን ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌሎቹ «እሰይ፣ እኛን አይደለም» ብለው እፎይ ይላሉ። የሁሉም ሰበብ ግን አንድ ነው። ተመልካች ሲያጡ ስልክ ይከሳሉ።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሰበብ ያስኬድ ይሆናል። ጎንደር ላይ ግን አይሠራም። እኛ ቲክቶክ የሌለበትን ዘመን በቅርቡ ኖረን አይተነዋል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ጠፋ። የጠፋው ለቀናት አይደለም፤ ለወራት ነው። ስልካችን መደወያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቲክቶክ የለ፣ ዩቲዩብ የለ፣ ቴሌግራም የለ። በዚያ ላይ ሰዓት እላፊ ነበር። መሸት ሲል ሁሉም ወደ ቤቱ ይከተታል። ፒያሳ ጭር ይላል። ጃንተከል ዋርካው አጠገብ ሰው አይቆምም። ቸቸላ ያለውም፣ ማራኪ ያለውም፣ አዘዞ ያለውም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

እስቲ ይህን በነጋዴ ዓይን እንየው። አንድ ትልቅ ከተማ ሙሉ ሰው አለ። ሰዓቱ እናንተ ፕራይም ታይም የምትሉት ምሽት ነው። ሰው መውጣት አይችልም። ስልኩ አይሠራም። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ቲክቶክን የሚከስ ጣቢያ ከዚህ የተሻለ ምሽት ከየት ያገኛል? ተቀናቃኛችሁ እንዳለ ከሜዳ ወጥቶላችሁ ነበር። ኳሷ እግራችሁ ሥር፣ በረኛ የለም፣ ተከላካይ የለም።

አገባችሁ? አላገባችሁም።

በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ የሆነው ሌላ ነው። ሰው ፍላሹን ይዞ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ዘንድ ሄደ። ቀን ቀን ሱቆቹ በወረፋ ተጨናነቁ። የኮሪያ ተከታታይ፣ የቱርክ ተከታታይ፣ የድሮ የአማርኛ ፊልም፣ ያለው ሁሉ ይጫናል። ማታ ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል። አያችሁ፣ ቴሌቪዥኑ አልጠፋም። የጠፋችሁት እናንተ ናችሁ። ትዕግሥት የለውም የሚባለው ወጣት ደግሞ ስንት ክፍል እንዳለው የማይታወቅ ድራማ አስጭኖ ሌሊቱን ሲያይ ያድር ነበር። ያልጨረሰው ካለ ከጓደኛው ጋር ፍላሽ ይቀያየራል። ከአንድ ደቂቃ በላይ አያይም ያሉት ሰውዬ ይህን ልጅ አያውቁትም።

ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት የበለጠ ገርመውኛል። ቴሌቪዥኑን ይከፍቱና ድምፁን ያጠፉታል። ከዚያ የጎንደሩን ኤፍ ኤም ሬዲዮ ይከፍታሉ። ምነው ሲባሉ፣ ሥዕሉ ለቤቱ ድምቀት ነው፣ ወሬው ግን ከሬዲዮው ይሻላል ይላሉ። የንግድ ቴሌቪዥን በጎንደር የደረሰበትን ደረጃ ከዚህ በላይ የሚገልጽ ጥናት ማን ያመጣል?

እነዚያ ወራት ላይ እናንተ ምን ታሳዩ ነበር? ሶፋ። ሁለት አቅራቢ፣ አንድ እንግዳ፣ አንድ ሶፋ። እንግዳው ትዳሩን ይተርካል። አቅራቢዋ ታለቅሳለች። ቀጥሎ የማዕድ ዝግጅት ይመጣል። መንገድ ተዘግቶ የሸቀጥ ዋጋ ጣሪያ በነካበት ከተማ፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቀውን አይብ በዳቦ ላይ ስታቀልጡ እንመለከታለን። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ሌላ ነበር። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ተከፍቷል ወይ? ከአዘዞ አውሮፕላን ይነሳል ወይ? ባንክ ነገ ይሠራል ወይ? ጤፍ ስንት ገባ? ለእነዚህ አንዱም ሶፋ መልስ አልነበረውም።

ፖለቲካው ከባድ ነው፣ ፈቃድ ይነጠቃል፣ ጋዜጠኛ ይታሰራል ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ይህንንስ አልክድም። ግን ስለ ውጊያው ዘግቡ ያላችሁ የለም። የጤፍ ዋጋ መናገር ፈቃድ ያስነጥቃል? ለተማሪ ወላጅ ትምህርት ቤት መቼ እንደሚከፈት መንገር ያሳስራል? ፍርሃታችሁን እረዳለሁ። ስንፍናችሁን በፍርሃት ስትሸፍኑት ግን አልረዳም።

ደግሞ ተመልካቹ ታማኝ አይደለም ሲባል ደሜ ይፈላል። በ2012 ዓ.ም. ግድም ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች ናይልሳት ከሚባለው ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ምን ሆነ? ወደ ምዕራብ ሲያይ የኖረ ዲሽ ሁሉ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት። ጣሪያ ላይ የወጣው ማን ነው? እኛ ነን። ለዲሽ ሠሪ የከፈለው ማን ነው? እኛ ነን። የዓረብ ቻናሎቹ እንዳይቀሩበት ብሎ ሁለተኛ ዲሽ የጨመረም አለ። ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ «አሁንስ መጣ?» እያለ ወደ ታች የሚጮኸው ልጅ ለእናንተ ሲል ነው የተንጠለጠለው። ለቲክቶክ ጣሪያ የወጣ ሰው አላየሁም።

እግር ኳሱንም እናንሳ። በ2013 ዓ.ም. የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ዓመቱ የኮሮና ዓመት ነበር። ጨዋታዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ነው የተካሄዱት። ጎንደር አልመጡም። ስለዚህ ዐፄዎቹ ሻምፒዮን ሲሆኑ ጎንደሬው ያያቸው በስክሪን ነው። ውድድሩን የሚያስተላልፈው ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት ነበር፤ በዲኤስቲቪ፣ በክፍያ። ሰው ምን አደረገ? ከፈለ። ዲኤስቲቪ ቤቶች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞሉ። አሰልጣኝ ሥዩም ከበደ ተጫዋች ሲቀይሩ የማራኪው ተማሪና የቅዳሜ ገበያው ነጋዴ እኩል ይሟገታሉ። ሁሉም ስልክ በኪሱ አለው። ያን ጊዜ ዳታም አለ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ግን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አይነቅልም።

የሊጉን መብት መግዛት አቅማችን አይደለም ትላላችሁ። ይሁን። ከጨዋታ በኋላ ግን አንድ ካሜራ ይዞ ጎንደር መምጣት ስንት ያስወጣል? ደጋፊውን ማነጋገር፣ የተጫዋቹን እናት ቤት ማንኳኳት፣ ይህ የመብት ክፍያ የለውም። እናንተ ስቱዲዮ ውስጥ ሆናችሁ የአርሴናልን አማካይ መስመር ትተነትኑ ነበር። አርሴናል ደህና ነው፤ የሚተነትንለት አያጣም።

ለመሆኑ «ተመልካች ቀነሰ» የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ብሪታንያ ውስጥ ባርብ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ይህንን ይሠራል። ከ5,000 በላይ ቤቶች ውስጥ መቁጠሪያ ያስቀምጣል። የቤተሰቡ አባል ሊያይ ሲቀመጥ የራሱን ቁልፍ ይጫናል። የትኛው ፕሮግራም ላይ እንደተነሳ፣ የትኛው ላይ እንደተመለሰ በማግስቱ ይታወቃል። ቤቶቹም ከአገሩ ሁሉ የተመረጡ ናቸው፤ ከለንደን ብቻ አይደሉም። የእኔን በር ግን እስከ ዛሬ ያንኳኳ የለም። የጎረቤቶቼንም በር ያንኳኳ አልሰማሁም። የጎንደር ተመልካች ስፖንሰር አያመጣም ሲሉ ማንን ጠይቀው ነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

አይ፣ አንድ ጊዜስ ይመጣሉ። ጥር 10 ድሮናቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ። ፋሲለደስ መዋኛው ከላይ ይቀረጻል። ዋኞቹ ውሃው ውስጥ ሲዘሉ በዝግታ ይታያል። አቅራቢዋ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ «ውቢቷ ጎንደር» ትላለች። ጥር 12 አልፎ ሚካኤል ሲገባ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ጎንደር ዓመቱን ሙሉ የለችም። ከተማዋ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስትጠብቅ የለችም። የመገጭ ግድብ መጓተት እዚህ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ጉዳይ ነው፤ ለእነሱ ግን ርዕስ አይደለም። ከነገሥታቱ ግንብ ውጭ የሚኖር ሰው ያለ አይመስላቸውም።

ስለ ዩቲዩብማ ባይናገሩ ይሻላቸው ነበር። ዩቲዩብ ተመልካች ቀማን የሚሉት ጣቢያዎች ፕሮግራማቸውን በዚያው ምሽት ሙሉውን ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑት ራሳቸው ናቸው። «ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ» እያሉ የሚለምኑትም ራሳቸው ናቸው። እኛ ደወሏን ተጫንን። አሁን ለምን ተጫናችሁ ተባልን።

አንድ እውነተኛ ችግር አላቸው፤ እሱን ግን ኃላፊው በወጉ አላነሱትም። ገንዘብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ። ቢራም አብሮ ወጣ። የመዝናኛ ዝግጅቶቹ ዋና ደጋፊዎች ደግሞ የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። የዳሸን ፋብሪካ እዚሁ ከተማችን ስለሆነ ነገሩ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። አዋጁ ትክክል ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው። ጣቢያዎቹን ግን ክፉኛ መታቸው። ይህን በግልጽ ቢነግሩን እናዝንላቸው ነበር። ቢራው ሲወጣ የገባው አፓርትመንት ነው። ቦሌ ላይ ባለሦስት መኝታ፣ ሃያ በመቶ ቅድሚያ ክፍያ፣ ቀሪውን በሦስት ዓመት። ይህ ማስታወቂያ ጎንደር ለሚኖር መምህር በምሽት ስንት ጊዜ እንደሚነገረው የሚቆጥር ቢኖር ጥሩ ነበር። ከዚያ ሰውየው ተነስቶ ሲሄድ ቲክቶክ ወሰደው ይባላል።

ተመልካች በስክሪን አይነሳሳም የሚል ሰው 2008ን ያስታውስ። ቃና ቴሌቪዥን በዚያ ዓመት የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ተቀመጠለት። የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቆጡ፣ ሰልፍ ወጥተውም ባይሆን በየመድረኩ አማረሩ። ቁጣቸው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቅር ያለኝ የሌሎቹ ጣቢያዎች መልስ ነው። ሰው ታሪክ እንደሚፈልግ በዓይናቸው እያዩ፣ ታሪክ መሥራቱን ትተው አብዛኞቹ ሶፋ ገዙ። ከራስ ዳሸን እስከ ጣና ስንት ታሪክ ያለበት አገር ተቀምጦ ማለት ነው። ቴአትር የተማረ ልጅ እዚህ ሥራ ፈትቶ ሰርግ ይቀርጻል። ካሜራም አለው። ደውሎ የጠየቀው ግን የለም።

አሁን የጎንደሩ ዝግጅት ወጪ በዝቶበት ይቀነሳል ተባለ። ይቀነስ። ከመቀነሱ በፊት ግን ኃላፊው አንድ ሥራ ለባልደረቦቻቸው ይዘዙልን። ማኅደራቸው በእጃቸው ነው። ባለፈው ዓመት ከጥር 10 እስከ 12 ካለው ውጭ ጎንደር በጣቢያቸው ስንት ደቂቃ እንደታየች ቆጥረው በዚያው ቃለ መጠይቅ በሰጡበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይንገሩን። ደቂቃ ብዬ የጠየቅሁት ሰዓት እንደማይሞላ ስለገመትኩ ነው።