ጠፈርተኛ በኪኒን አይኖርም

«ጠፈርተኞች ምግብ አይበሉም፤ አንድ ኪኒን ውጠው ይውላሉ» የሚለውን አስተያየት እዚህ ደጋግሜ አየሁት። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1961 የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ሶቪየታዊው ጋጋሪን የተፈጨ ሥጋ፣ በ1962 ደግሞ አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ጆን ግሌን የተፈጨ ፖም የበሉት እንደ ጥርስ ሳሙና ከሚጨመቅ ቱቦ ነበር። ያም ቢሆን ምግብ እንጂ ኪኒን አልነበረም።

ዛሬ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሽሪምፕ፣ ሩዝ፣ እንቁላል ፍርፍር ሳይቀር አለ። የደረቀው ምግብ እዚያው ማሸጊያው ውስጥ ሙቅ ውሃ ይገባበታል፣ ትንሽ ይጠበቃል፣ ከዚያ በማንኪያ ነው። ዳቦ ግን ፍርፋሪው እየተንሳፈፈ ስለሚያስቸግር በቶርቲላ ተተክቷል፤ ቂጣ ቢጤ ነው። ቫይታሚን ዲ በኪኒን ይወስዳሉ፣ ፀሐይ አይሞቁማ።

ማረጋገጥ የፈለገ የስልኩን ካልኩሌተር ያውጣ። ለአንድ አዋቂ በቀን 2,500 ካሎሪ እንያዝ። ከምግብ ሁሉ ብዙ ጉልበት ያለው ስብ በግራም 9 ካሎሪ ነው። ኪኒኑ ንጹህ ስብ ቢሆን እንኳ ወደ 280 ግራም ይመጣል። አንድ ግራም በሚመዝን ኪኒን 280 ፍሬ ማለት ነው!

«እኔም ቁርስና ምሳ ትቼ በቫይታሚን እውላለሁ» ያልሽው እህቴ፣ እባክሽ ይቅርብሽ። የቫይታሚን ኪኒን ጉልበት አይሰጥም፤ ጠፈርተኞቹም የሚወስዱት ከምግብ ጋር እንጂ በምግብ ፈንታ አይደለም።