በሞቴ፣ አንተ ቅደም

ወንድ ልጅ ወረፋ አይለቅም። ታክሲ ላይ አይለቅም። ነዳጅ ማደያ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። ባለፈው ሳምንት ግን እኔ በምሠራበት የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ግቢ፣ የደም ግፊት መለኪያ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ፊት፣ ሹፌሩ፣ መካኒኩ፣ ጎሚስታውና ረዳቱ ወረፋ ሲገባበዙ ዋሉ።

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ በሞቴ! ታላቄ ቆሞ እኔ?»

«እኔ ቁርስ አልበላሁም፤ በባዶ ሆድ አይሆንም።»

«እኔ ደግሞ አሁን ነው የበላሁት።»

«እሺ ሲስተር፣ መጣሁ። እጄን ልታጠብና።»

እጁን ሊታጠብ የሄደው ሰውዬ እስካሁን እየታጠበ ነው።

ነገሩ አበሸቀኝ። እነዚህ እኮ ጣርማ በርን በጭጋግ፣ ቦቴ ሙሉ ነዳጅ ጭነው የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። አሁን የፈሩት ክንዳቸው ላይ ለአንድ ደቂቃ የሚነፋ ጨርቅ ነው።

የቀኑ ስም «የወንዶች ጤና ቀን» ነው። የሰው ሀብት ክፍል በጻፈው ደብዳቤ ላይ ደግሞ «የዌልነስ ፕሮግራም» ይባላል። ግቢያችን ከሂሳብ ክፍልና ከጽዳት ሠራተኞች በቀር ወንድ በወንድ ነው፤ እኔም መጋዘን ውስጥ ፊልትሮና ኩሽኔታ ስቆጥር የምውል አንዱ ነኝ። ባነር ተሰቀለ። ቲሸርት ታደለ፤ ሁሉም አንድ ሳይዝ፣ እሱም ሚዲየም። እኛ ጋ ሚዲየም የሚገባው ጥበቃው ብቻ ነው፤ እሱም ለልጁ ወሰደው። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ግፊት ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም መተው፣ ከዚያ ጀርባን ደገፍ አድርጎ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ ነው ደንቡ። እግር አይቆላለፍም፤ ወሬ የለም። እኛ ጋ ግን ሰውዬው ሁለተኛውን ስኒ ጨርሶ፣ ሲጋራውን በር ላይ ረግጦ፣ ስለ አርሴናል እየተጨቃጨቀ ነው ክንዱን የሚሰጠው። መዝጋቢዋ ራቅ ብላ ስለተቀመጠች ሲስተር ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች። «መቶ ስልሳ አምስት በመቶ!» ግቢው በሙሉ «ውይ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ይጠጋል?

ብዙዎቹ በዚያች ቅጽበት የግፊት ስፔሻሊስት ሆኑ። «ነጭ ሽንኩርት በጠዋት ዋጥ አድርግበት።» «ሽፈራው ቅጠል ነው መድኃኒቱ፣ እኔን እየኝ።» አንዱማ «ግፊት ካለብህ ራስህን ያምሃል፤ እኔን ራሴን አያመኝም፤ ስለዚህ የለብኝም» ብሎ ደመደመ። ይኼኛው ሎጂክ ነው የሚገድለን። ግፊት ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ሰው በሽታውን የሚያውቀው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው ነው። ሲስተር ይህንኑ ለማስረዳት ሞክራለች። 140 በ90ና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ከታየ ነው ግፊት የሚባለው፣ አንዴ በታየ ቁጥር አይፈረድም ስትል ግን የሰሟት እኔና ቡና አፍዪዋ ነን።

ከዚያ አሠልጣኙ ተነሳ። ቀጥሎ ምን እንደሚል አውቅ ነበር።

«ወንድሞቼ፣ ሰውነታችሁን እንደ መኪናችሁ ቁጠሩት! ለመኪናችሁ ዘይት ትቀይሩ የለ? ሰርቪስ ታስገቡ የለ?»

ለወንድ ስለ ጤና የሚያወራ ሰው ሁሉ ለምን መኪና ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም። ለሴቶች ሲያስተምሩ ሰውነታችሁ ምጣድ ነው አይሏቸውም እኮ። ወንድ ግን ልብ ሲባል ሞተር፣ ኩላሊት ሲባል ፊልትሮ ካልተባለለት አይገባውም ተብሎ ተወስኗል። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር የራዲያተር ሥዕል ሁሉ አሳይቷል። ከኋላ የተቀመጡት አንጋፋው መካኒካችን እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እዚህ ግቢ መኪና የሚታየው ሲቆም ነው። እኛም እንዳልከው እያደረግን ነው።»

ሳቅ ሆነ። አሠልጣኙም ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። እኔ ግን መጋዘን ነው የምሠራው። የሰርቪስ ጊዜው አልፎ «አንድ ጉዞ ይድረስ፣ ሲመለስ እናየዋለን» የተባለለትን ተሳቢ ሁሉ በወረቀት አውቀዋለሁ።

አሠልጣኙ ንግግሩን በተረት ዘጋ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» እንግዲህ ይህን ተረት እወደዋለሁ። ካሉን ተረቶች ሁሉ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተጽፎ የማያሳፍር እሱ ነው። ስለ ሁለት ነገር ግን ዝም ይላል፤ ሰው በሽታውን ለምን እንደሚደብቅና ያልደበቀው ምን እንደሚገጥመው።

ልንገራችሁ። አምና አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌራችን ደረቴን ወጋ ያደርገኛል ብሎ ተናገረ። በጎ ሰው ነው፤ ተረቱን ሰምቷል። አለቆቹም በጣም አዘኑለት። «በቃ ዕረፍ» አሉትና በር ላይ ሰሌዳ ቁጥር መዝጋቢ አደረጉት። ደመወዙ አልተነካም። ውሎ አበሉ ግን ቀረ። የሹፌር ቤት ኪራይና የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ደግሞ ከደመወዝ ሳይሆን ከአበል መሆኑን የማያውቅ ካለ የሹፌር ሚስት ይጠይቅ። ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ደረቱን የሚወጋው ሰው ጠፋ።

ማሳረፉን አልቃወምም። ደረቱን የሚወጋው ሰው አርባ ቶን ይዞ ቁልቁለት አይላክም፤ መንገድ ላይ የሌላ ሰው ልጅ አለ። ግን ማረፉ የሚያስከትለውን ጉዳት ብቻውን ይሸከመው የተባለው ለምንድን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሁለት ወር ግማሽ ይከፈለዋል ይላል፤ ከዚያ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። «ደመወዝ» ነው የሚለው፤ አበል እዚያ ውስጥ የለም። ያው አዋጅ አሠሪው አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ ያስመርምር ብሎም ያዛል። ለዚህኛው ባነር ሲሰቀል አላየሁም።

አዋጁን ካነሳሁ አይቀር አንድ የቆየ ቂም አለኝ። ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ ነው። ጉንጬ አብጦ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስቆም ስቀመጥ አድሬ፣ ጠዋት ተነቅሎልኝ የሕክምና ወረቀት ይዤ መጣሁ። የያኔው የአስተዳደር ሠራተኛ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና «ማህተሙ ደብዝዟል» አለኝ። ጉንጬ አልደበዘዘም፤ ፊቱ ነው ያለው! «ደግሞ ጥርስ እኮ እንደ በሽታ አይደለም» ብሎ ጨመረበት። የግማሽ ቀን ደመወዜ ተቆረጠ። ብሩ ትንሽ ነበር። ማህተሙን ግን ዛሬም አልረሳሁትም። ይኸው ሰውዬ ዘንድሮ የጤና ቀኑ አስተባባሪ ሆኖ «ወንዶች ጤናቸውን ችላ ይላሉ» እያለ በማይክ ሲያዝን ሰማሁት።

ወንዶች ችላ ማለታቸው እውነት ነው፣ አልዋሽም። በእኛም አገር በሌላውም ዓለም ወንድ ከሴት ቀድሞ ይሞታል። ሴቷ ቢያንስ ስታረግዝ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ያኔ ግፊቷም ይለካል፣ ደሟም ይታያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር የምታገኘውም እሷን ነው። ሰውዬው በዚያ ሰዓት መኪና ሥር ተኝቷል። ስለዚህ ሥራ ቦታው ድረስ መጥቶ መመርመር የመሰለ ነገር የለም። ሲስተሯን የመጥራቱ ሐሳብ ጥሩ ነው። ሐሳቡን ያበላሸው አብሮት የመጣው ነው።

ለምሳሌ ወተት። ቀለም የሚረጩት ልጆች በየቀኑ ወተት ይሰጣቸዋል፤ «ኬሚካሉን ያጥባል» ተብሎ። ወተት ሆድ ይገባል፤ ቀለሙ የሚገባው ሳንባ ነው። የሚያስፈልጋቸው ካርትሬጁ፣ ማለትም አየር ማጣሪያው፣ በየጊዜው የሚቀየር ማስክ ነው። ብጠይቅ «ወተት ሰጥተናቸው የለ እንዴ?» ተባልኩ። ኮምፕረሰሩ አጠገብ የሚውለው ልጅም በምልክት ማውራት ጀምሯል። ለስምንት ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ ድምፅ መስማት ቀስ በቀስ ጆሮ እንደሚያደነቁር የታወቀ ነው። የጆሮ መድፈኛው ግን መጋዘኔ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። አውጣ የሚል ወረቀት አልደረሰኝም፤ ልጁንም «ልስጥህ» ብለው አልሰማኝም።

ካፌያችንን አላነሳም ነበር፣ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ይበቃዋል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። የኛዋ ሽሮ ያንን በሦስተኛው ጉርሻ ትጨርሰዋለች።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ባነሩ ነው። ሦስተኛው ነጥብ «በቂ እንቅልፍ ይተኙ!» ይላል፣ በትልቁ፣ ከቃለ አጋኖ ጋር። ያንን ባነር ያረመው የስምሪት ኃላፊያችን ነው። ሰውዬው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሹፌር እየደወለ «የት ደረስክ?» የሚል ነው። «አዋሽ።» «እስካሁን አዋሽ? እገሌ እኮ ሚሌን አልፏል!» ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚሌ ላይ ሙቀቱ ጋቢና ውስጥ አያስተኛም። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ አለ። ሹፌሩ ምን ያድርግ? ጫት ይይዛል። ጫቱ ዓይኑን ይገልጥለታል፣ ልቡን ያስሮጠዋል፣ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጥና መቶ ስልሳ አምስት በመቶ ይባላል፤ አሠልጣኙ ደግሞ ስለ አመጋገቡ ይመክረዋል።

ስለ ወረፋ መገባበዝ ነበር ልጽፍ የተነሳሁት፤ የት ገባሁ? ለማንኛውም መገባበዙ አሁንም ያናድደኛል። ሽማግሌው መካኒክ ሳይቀሩ «ወጣቶቹ ይቅደሙ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደመወዝ ቀን እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ሰሞኑን ለሰው ሀብት ክፍል አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ቡናው ይቅር፣ ባነሩም ይቅር። ሲስተር በየወሩ ትምጣ። ከመጋዘኑ ጎን ያለችው ክፍል ትሰጣት፣ በሩ ይዘጋ፣ ቁጥሩን ለባለቤቱ ብቻ ትንገረው። ከመንገድ እንዲያርፍ የታዘዘ ሹፌር እስኪሻለው አበሉ ግማሹ እንኳ ይታሰብለት። ሌሊት ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሹፌር ጋ «የት ደረስክ» ተብሎ አይደወል። በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ ነው ያስገባሁት።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። ሐሳቡ በጣም ተወዷል፤ የሚያጠናው ኮሚቴም ተቋቁሟል። ሰብሳቢው የስምሪት ኃላፊው ነው።