ጀርባውን ለሙሚ ሰጥቶ ሰልፊ ለሚነሣ ጎብኚ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ባለ ሰልፊ
በየሙዚየሙ የመስታወት ሣጥን ፊት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የዘር ሐረግዎን ስለማሳወቅ ይሆናል

ስልክዎን በዘንግ ላይ ሰክተው፣ ከ3,000 ዓመት በፊት ለተገነዘ ሰው ጀርባዎን ሰጥተው ፈገግታዎን እስኪያሳምሩ ድረስ፣ ተራ የምንጠብቅ ሰዎች ሟቹን ማየቱ ቀርቶብን የእርስዎን ጥርስ ስንቆጥር መቆየታችን ይታወቃል። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ችኩሎች ነገሩ ከስልክ ጋር አብሮ የመጣ አዲስ ብልግና እንደሆነ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ይህ በታላቅ ቤተሰብ ላይ የተሰነዘረ ስም ማጥፋት ስለሆነ፣ ቤትዎ ጳጳሳትና መሳፍንት የተጋፉበት የቆየ ቤት መሆኑን በማስረጃ ለማስረዳት ይህን ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአያት ቅድመ አያቶችዎ አንዱ የፓዱዋው ጆቫኒ ቤልዞኒ ነው። በመድረክ ላይ ሰዎችን ተሸክሞ ጉልበቱን በማሳየት ይተዳደር የነበረው ይህ ግዙፍ ሰው፣ ግብፅ ወርዶ መቃብር ሲበረብር ከቆየ በኋላ ያገኘውን ሁሉ በ1821 ለንደን ፒካዲሊ ላይ ለትርኢት ቢያቀርበው፣ በመክፈቻው ዕለት ብቻ 1,900 ሰው ከፍሎ ገባ። የቤቱን ማዕረግ ከፍ ያደረጉት ግን የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ቶማስ ፔቲግሩ ናቸው። በሕዝብ ፊት መግነዝ እየፈቱ ሬሳ ከማሳየታቸው ብዛት «ሙሚ ፔቲግሩ» እስከመባል የደረሱት እኒህ ሰው፣ በጥር 1834 በንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ባዘጋጁት ዝግጅት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሳይቀሩ ቦታ አጥተው ተመልሰዋል። ሊቀ ጳጳሱ ቢያንስ ሰው አልጋረዱም።

ሎርድ ሎንድስቦሮ ደግሞ በ1850 ወዳጆቻቸውን ወደ ፒካዲሊው መኖሪያቸው የጠሩት፣ ከጥንታዊቷ የግብፅ ከተማ ከቴብስ የመጣ ሙሚ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መግነዙ እንደሚፈታ በሚገልጽ የታተመ ካርድ ነበር። እኛ ዘንድ የዕድር ጡሩምባ ለለቅሶ ይነፋል እንጂ ሬሳ ለመፍታት ካርድ ስለማይታደል፣ ጨዋነቱን ለማድነቅ ጥቂት ጊዜ ወስዶብኛል። በዚያው ዓመት ቦስተን ላይ ስለ ጥንታዊት ግብፅ እየዞረ ንግግር ያደርግ የነበረው ጆርጅ ግሊደን የካህን ልጅ ናት ያላትን ሙሚ እመቤት ብዙ ሕዝብ ሰብስቦ ሲገልጥ፣ መግነዙ አልቆ እመቤቲቱ ወንድ ሆና ተገኘች። ከቤተሰቡ ሁሉ ለእምነታቸው የጸኑት የሃሚልተኑ አሥረኛው መስፍን ብቻ ናቸው፤ በ1852 ሲሞቱ በራሳቸው ምኞት ፔቲግሩ በግብፃውያን ወግ ገንዘዋቸው፣ ከግብፅ በመጣ የድንጋይ ሣጥን ውስጥ ተቀብረዋል። እርስዎም ለነገሩ ያለዎት ፍቅር እዚህ ድረስ የሚዘልቅ ከሆነ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።

የአሜሪካው ቅርንጫፍ ግብፅ ድረስ መድከሙንም ትቶታል። ኤልመር መከርዲ የተባለ ባቡር ዘራፊ በ1911 ኦክላሆማ ውስጥ ተተኩሶ ሲገደል፣ ሬሳውን በአርሴኒክ ያደረቀው ቀባሪ ወሰደኝ ባይ ዘመድ ቢያጣ አቁሞ ያሳይበት ጀመር። ከዓመታት በኋላ «ወንድሞቹ ነን» እያሉ አልቅሰው የወሰዱት ሰዎች የካርኒቫል ነጋዴዎች ነበሩ። ሟቹ ከትርኢት ወደ ትርኢት ሲሸጥ ሲለወጥ ኖሮ፣ በታኅሣሥ 1976 ሎንግ ቢች በሚገኝ የመዝናኛ ቤት ውስጥ ቀለም ተቀብቶ ተሰቅሎ ሳለ፣ ለቴሌቪዥን ቀረጻ የመጡ ሠራተኞች አሻንጉሊት መስሏቸው ሲነኩት ክንዱ ተገነጠለና ውስጡ አጥንት ታየ። አፉ ሲመረመር የ1924 ሳንቲምና የመግቢያ ትኬት ቁራጭ ተገኘበት። በቀጣዩ ዓመት ሲቀበር፣ ማንም መልሶ እንዳያወጣው በሣጥኑ ላይ ኮንክሪት ተሞላበት።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ ስግብግብና ሐፍረተ ቢስ ብንላቸው እንኳ፣ የከፈሉት ሟቹን ለማየት እንደነበር መካድ አይቻልም። እርስዎ ግን በቤተሰብዎ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍለው ገብተው ጀርባ የሰጡ ነዎት፤ ፈርዖኑ ለፊትዎ መጋረጃ ሆኖ ያገለግላል። ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1980 የካይሮ ሙዚየም የነገሥታት ሙሚዎች ክፍል እንዲዘጋ ሲያደርጉ የሟቾቹ ክብር አሳስቧቸው ነበር። 22ቱ ነገሥታትና ንግሥታት በ2021 በሰልፍ ታጅበው በገቡበት በካይሮ ፉስጣጥ ሰፈር ባለው ሙዚየም አዳራሻቸው ውስጥ ፎቶ ማንሣት የተከለከለ ሲሆን፣ እርስዎ ስልክዎን ደረትዎ ሥር ደብቀው የሚያነሡት፣ ጥበቃው ዞር እስኪል የሚያስሉትም ሳል፣ አዳራሹ ሙሉ የሚያውቀው ምሥጢር ነው።

ወደ ላስታ ሲመጡም ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ለጸሎት መጥተው እዚያው እንዳረፉ የሚነገርላቸው ሰዎች ደርቀው ተኝተዋል። መስታወት የለም፤ ዘንግዎን ግን እባክዎ ከበሩ ውጭ ይተዉት።

ስለሆነም ፊትዎን ወደ ሟቹ እንዲያዞሩ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ቢያንስ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ እንዲሉልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ተራ ጠባቂዎች

ግልባጭ፦
ለሙዚየሙ ጥበቃ (ሳሉን ለይተው እንዲያውቁት)