«አታካብድ» የማትደርስበት ሕመም

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ወጣት ፊቱ ከጠቆረ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ ወይም ዝምታ ካበዛ መጀመሪያ የሚሰማው «አቦ አታካብድ!» የምትለዋን ቃል ነው። ቃሏ በፍቅር የምትነገር ናት። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማችን ከየአቅጣጫው የመጣውን ሰው አዋህዳ ያኖረችው በዚህ ቀለል ባለ አነጋገር ነውና እኔም እወዳታለሁ፤ ለብዙ ቁጣና ለብዙ ኩርፊያ መድኃኒት ስትሆንም አይቻለሁ። ሆኖም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ቃሏ የማትደርስበት ሕመም እንዳለ፣ ያ ሕመም የያዘው ልጅ ደግሞ «የድሬ ልጅ ተጫዋች ነው» የሚለውን ስም ላለማፍረስ ሲል ሳቁን እስከ መጨረሻው ይዞ እንደሚቆይ ተረድቻለሁ። በእነዚህ ልጆች ላይ ስንፍና፣ ጥጋብ ወይም ሱስ ብለን የምንፈርድበት ነገር ብዙ ጊዜ ስም ያለው፣ የሚታከምም ሕመም ነው። እኛ ግን የምንደርስለት እጅግ ዘግይተን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 12ኛ ክፍል ያስተማርኩት አንድ ልጅ ነበር። የፈተናው ውጤት ከወጣ ከአራት ወር በኋላ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጠው እናቱ አስቁማኝ «መምህር፣ ልጄ ሰነፈብኝ፤ እባክዎን መጥተው ይምከሩልኝ» አለችኝ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። እናቱ ረፋድ ላይ ያስቀመጠችለት ሩዝ በሰሐን እንደተከደነ አጠገቡ አለ፤ ስልኩ በግንባሩ ተደፍቷል። ከራስጌው በላይ በገዛ እጁ የጻፈው የጥናት ፕሮግራም አሁንም ተለጥፎ ነበር፦ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ፊዚክስ፣ 11 ሰዓት ተኩል ሒሳብ» ይላል። ፈተናው ካለፈ ያን ያህል ጊዜ ሲቆጠር ያንን ወረቀት የሚያነሣበት አቅም አላገኘም። ለምን እንደማይነሣ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ስንፍና አይደለም። መነሣት እፈልጋለሁ፤ ሰውነቴ ነው እንቢ ያለኝ» አለኝ።

እኔ ግን አልሰማሁትም። አንድ ሰዓት ያህል መከርኩት፤ ደግመው ተፈትነው ያለፉትን ልጆች ስም ጠራሁለት፣ ወንድ ልጅ እንደሆነና እናቱ የምትደክመው ለእሱ እንደሆነ ነገርኩት። ሁሉንም በአክብሮት አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ እኔም የሚገባኝን እንዳደረግሁ ቆጥሬ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው በሸክሙ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሬበት ነው የወጣሁት። ከሁለት ወር በኋላ መኖር እንደማይፈልግ ለታናሽ እህቱ ነገራት። እሷ ምስጢሩን ባለመጠበቋ ነው ልጁ ሆስፒታል የደረሰው፤ የ14 ዓመት ልጅ እኔ ያላየሁትን አይታለች።

አብሬያቸው ስለሄድኩ ምርመራውን በቅርብ ለማየት ቻልኩ። ባለሙያዋ በወረቀት ላይ የሰፈሩ ዘጠኝ ጥያቄዎችን በቀስታ ጠየቀችው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይልህ የነበረው ነገር ደስ ማለቱን ትቷል ወይ? እንቅልፍህ፣ የምግብ ፍላጎትህ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? ራስህን እንደ ጥፋተኛ ወይም እንደ ከንቱ ትቆጥራለህ? ሐሳብህን መሰብሰብ ያቅትሃል? ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል? ልጁ ለእያንዳንዱ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» እያለ መለሰ። እኔ በአንድ ሰዓት ምክር ያላገኘሁትን በ20 ደቂቃ ጥያቄ አገኘችው፤ ድባቴ ይባላል። በወጣቶች ላይ ሁልጊዜ በእንባና በትካዜ እንደማይገለጥ፣ ብዙ ጊዜ በብስጭት፣ በቁጡነት፣ በራስ ምታትና ከሰው በመራቅ እንደሚመጣ ያስረዳችንም እሷ ናት። እኛ ይህንን ነው ጥጋብ የምንለው።

ሕክምናው የጀመረው «አይዞህ፣ በጎ በጎውን አስብ» በማለት አልነበረም። የመጀመሪያው የቤት ሥራ በየጠዋቱ ፀሐይ ሳይከር እስከ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ድረስ በእግሩ ሄዶ መመለስና የሄደበትን ቀን በደብተር ላይ ምልክት ማድረግ ነበር። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ መነሻው ግን ጠንካራ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው አንድን ነገር ለማድረግ ፍላጎቱ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ፍላጎቱ ግን አይመጣም፤ ባለመነሣቱም ይበልጥ ራሱን ይወቅሳል። ሕክምናው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ትንሹን ሥራ ያስቀድማል፤ ፍላጎቱ ከሥራው በኋላ ቀስ በቀስ ይከተላል። ቀጥሎ የመጣው «እኔ ለምንም አልረባም» የሚለውን ሐሳብ እንደ ፍርድ ከመቀበል ይልቅ እንደ አቤቱታ አቁሞ ማስረጃው ምን እንደሆነ መጠየቅን መለማመድ ነው። የታዘዘለት ክኒን ደግሞ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ እናቱ በአሥረኛው ቀን «ምንም አልፈየደም፣ ይቅርበት» ብላ ነበር። ይህ ቀድሞ ባይነገራት ኖሮ ልጁ ሕክምናውን ገና ሳይጀምር ባቋረጠ ነበር፤ ብዙ ቤተሰቦች የሚያቋርጡትም እዚያው ላይ ነው።

የዚህ ልጅ ታሪክ የብቻው እንዳይመስለን የፈተናውን ቁጥር ማየት ይበቃል። 12ኛ ክፍል ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ፈተናው ኩረጃን ማስቀረቱን የምደግፍ ሰው ነኝ። ነገር ግን በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች በአንድ ሌሊት፣ በስልካቸው መስኮት ላይ፣ የ12 ዓመት ልፋታቸው እንዳልበቃ ይነገራቸዋል፤ በዚያ ሌሊት አጠገባቸው የሚቆም የተመደበ ሰው ግን የለም። ለፈተናው አውቶቡስ፣ ጥበቃ፣ ማደሪያና ምግብ አዘጋጅተን ወደ ዩኒቨርሲቲ እንልካቸዋለን፤ ከውጤቱ በኋላ ያለውን ጊዜ ለጎረቤት ጥያቄ እንተወዋለን። «ስንት አመጣህ?» የሚለው ጥያቄ መንደሩን ሁሉ ዞሮ ሲመለስ ልጁ ቤት መዋል ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት፣ ራስን ማጥፋትም ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉ ወጣቶች ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደሆነ ይገልጻል። 50 ተማሪ በሚማርበት ክፍል ፊት ለቆመ መምህር ይህ ማለት በእያንዳንዱ ክፍል ሰባት ልጅ ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ ስለ ወጣቶች አእምሮ ተነጋግሮ ጫትን መዝለል አይቻልም። ከአወዳይ የሚመጣው ቅጠል በጥድፊያ የሚጫነው አነቃቂው ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ነው። በፈተና ሰሞን ልጆቹ ሌሊቱን ለማንጋት ይጀምሩታል፤ ምርቃናው ለጥቂት ሰዓታት ጉልበትና ተስፋ ይሰጣል፤ ሲወርድ ደግሞ እንቅልፍ ማጣትና ጭፍግግ ያለ ስሜት ይተካዋል። ጠዋት ያንን ለመስበር ኢጃባና፣ ማለትም የማለዳ ጫት፣ ይፈለጋል። ለመተው የሞከረው ደግሞ ሌሊት ዱካክ የሚሉት ቅዠት ያስጨንቀዋል። በዚህ ላይ የፈተናው ዝግጅት የድሬ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወቅት ላይ ይወድቃል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ሲገባው አራቱንም አያገኝም። ወላጅ «ልጄን ጫት አበላሸው» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ ሳየው ድባቴው ቀድሞ ገብቶ ልጁ በርጫው ላይ የሚቀመጠው ከሐሳቡ የሚሸሽበት ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። የቱ እንደቀደመ ሳይጠየቅ የሚደረግ ቁጣና ዱላ ሁለቱንም ያባብሳል።

ራስን መንከባከብ የሚለው ቃል አሁን ከቲክቶክ እስከ ካፌ ማስታወቂያ ድረስ ተሰራጭቷል። እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴ፣ ከስልክ መራቅ፣ ከወዳጅ ጋር መዋል ይጠቅማሉ፤ የተጨነቀን ሰው ያበረታሉ። ሕመም ላይ የደረሰን ልጅ ግን «ራስህን ተንከባከብ» ብሎ መተው እግሩ የተሰበረን ሰው ስፖርት ሥራ እንደማለት ነው።

ስለ ጸሎትም ያለኝን ሐሳብ ሳልሸሽግ ልናገር። ቁልቢ ገብርኤል ተስሎ የሚሄደውን፣ ጸበል የሚጠመቀውን፣ ዱዓ የሚያስደርገውንና ቁርአን የሚያስቀራውን ቤተሰብ አከብራለሁ፤ ልጁን ብቻውን ካለመተው የሚጀምር ፍቅር ነውና። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካህኑም ሸኹም ልጁ ክኒኑን እንዲያቋርጥ አይዘዙ። ስኳር ሕመም ያለበትን ሰው ኢንሱሊንህን ጣል አይሉትምና።

አገልግሎቱ ጨርሶ የለም አልልም። በከተማችን ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል፣ በሐረርም በሕይወት ፋናና በጀጎል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ እንደ ድሮው እስከ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ 515 ኪሎ ሜትር መጓዝ ለሁሉም ግዴታ አይደለም። ችግሩ ሆስፒታል የመንገዱ መጨረሻ መሆኑ ነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ «የእብድ ክፍል» እየተባለ በሚጠራ በር ፊት፣ ጎረቤት እያየው፣ ወረፋ ይዞ አይቀመጥም፤ ካልባሰበት ማንም አያመጣውም። ጤና ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ያወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ከጠቅላላ ሕክምና ጋር ተጣምሮ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ያለመ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መውረድ ያለበት ግን ከጤና ጣቢያም አልፎ እስከ ትምህርት ቤት ግቢ ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የጋይዳንስ ቢሮ የሚባል ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። እኔ ያየሁት ግን ግማሹ የመጽሐፍ መጋዘን፣ ግማሹ ያረፈዱ ተማሪዎች የሚቀጡበት ቦታ ነበር። ትናንት ወላጅ አምጣ ያለውን ሰው ዛሬ ምስጢሬን ልንገረው የሚል ተማሪ አይኖርም። ስለዚህ የከተማውን ትምህርት ቢሮ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ከሥነ ሥርዓት ሥራ ሙሉ በሙሉ የተለየ አንድ አማካሪ፣ የሚዘጋ በር ያለው አንድ ክፍል፣ ከሆስፒታሉ ባለሙያ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ስልክ፣ እንዲሁም 12ኛን የጨረሰ ልጅ ውጤቱ ከተለቀቀ በኋላም ለወራት ተመልሶ የሚገባበት ፈቃድ። ዛሬ ሰርተፊኬቱን እንደወሰደ በጥበቃው በር ላይ እንግዳ ይሆናል፤ በጣም የምናስፈልገውም ያኔ ነው።

የባለሙያ እጥረት አለ ይባላል፤ እውነት ነው። ዚምባብዌ ግን በዚሁ እጥረት መካከል መንገድ አግኝታለች። ከ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በሐራሬ የጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ በተቀመጡ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሥልጠና የወሰዱ አያቶች ከሚመጣው ሰው ጋር ቁጭ ብለው ችግሩን አንድ በአንድ ይፈታሉ፤ ስድስት ጊዜ ያህል ይገናኛሉ፤ የባሰበትን ወደ ሐኪም ይልካሉ። በዚያው አቆጣጠር በ2016 የታተመው ጥናት ይህን ያገኙት ሰዎች ካላገኙት እጅግ የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ አረጋግጧል። እዚያ ሕመሙን የሚጠሩት «አብዝቶ ማሰብ» በሚል ቃል ነው፤ የእኛም እናቶች «ሐሳብ በዛብኝ» ይላሉ። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያሉን፣ የሰፈር ቡና ላይ የልብ የሚያጫውቱ እናቶች ያሉን ሕዝብ ይህንን መሥራት አያቅተንም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የተረፉትን ሕፃናት፣ እኔ እስከማውቀው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላናገራቸውም፤ ከእነዚያ መካከል ያስተማርኳቸው ነበሩ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እስክሪብቶ አስቀምጠው በመስኮት ያዩ ነበር። ያኔ አላወቅንም እንበል። አሁን ግን እናውቃለን።

ለወላጆች የምለው ከዚያ ሆስፒታል የተማርኩትን ነው። ልጅዎ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተለወጠ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትሆነው?» ከማለት «ከብዶህ አይቻለሁ፤ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» ይበሉት፤ ከተናገረም ምክሩን ያቆዩና ይስሙት። ስለ ሞት ያስብ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን በአእምሮው አይተክለውም፤ ብዙዎቹ በመጠየቃቸው እፎይ ይላሉ። አዎ ካለ ያን ቀን ብቻውን አይተዉት፣ መድኃኒቶችንና መርዛማ ነገሮችን ከአጠገቡ ያርቁ፣ በዕለቱም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ለጓደኞች ደግሞ፣ በተለይ ምስጢር መጠበቅን እንደ ወንድነት ለምትቆጥሩ የድሬ ልጆች፣ እንዲህ ያለ ምስጢር ለብቻችሁ የምትይዙት አይደለም፤ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ። ያቺ የ14 ዓመት ልጅ ወንድሟ ለሳምንታት አኩርፏት ነበር። በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ከዚራ ሲሄድ አብራው የምትሄደው እሷ ሆነች፤ በደብተሩ ላይ ምልክቱን የምታደርግለትም እሷ ነበረች።