ለተከበሩ የስህተት መልእክት፦ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?

ቀን፦ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (ቀኑን እንደማይቀበሉት አውቃለሁ፤ እመለስበታለሁ)

ለተከበሩ የስህተት መልእክት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሰላም መንሳትዎን ስለ መግለጽ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ ግን ሰላምታ አያውቁም። ሰኞ ጠዋት የማኅበራችን ገንዘብ ተቀባይ ቡናቸውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ ባዶው ስክሪን ላይ ጉብ ብለው ጠበቋቸው።

እኔ የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ኮምፒውተር ጠባቂ ነኝ። ጥፋቴ አንድ ነው፦ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ማታ የአባላቱን መዝገብ የሚይዘውን ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ከተባለው ሶፍትዌር 5.7 ዕትም ወደ 8.0 አሻገርኩት። ለ5.7 የሚደረገው ጥገና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አብቅቷል። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና አንድ ዓመት ብቻ ዘግይቼ ታዘዝኩ።

መጀመሪያ የድሮውን የማዋቀሪያ ፋይል ገልብጬ ሰጠሁት፤ ሰርቨሩ አልነሣም አለ። በፋይሉ ውስጥ ኩዌሪ ካሽ ስለሚባለው ነገር (የጥያቄዎችን መልስ አስታውሶ ስለሚያስቀምጠው ማከማቻ) የምታወራ አንዲት መስመር ነበረች። 8.0 ያንን ነገር ከነአካቴው አስወግዶታልና የሟች ስም ሲጠራበት ደንግጦ ተኝቶ ቀረ። ፋይሉን ጣልኩና እንደ ተፈጥሮው እንዲነሣ ፈቀድኩለት። ተነሣ። በዚያው ፋይል ውስጥ ግን ከዓመታት በፊት የዳታቤዙን የስህተት ቁጥጥር ጥብቅነት ሁሉ ያጠፋሁባት ሌላ መስመርም ነበረች። የእርስዎን አፍ የጠቀጠቅኩባት ጨርቅ እርሷ ነበረች።

በመጀመሪያ 1064 በሚል የስህተት ቁጥር መጡ። ብድር የሚጠባበቁ አባላትን ወረፋ የሚይዝ ‹ራንክ› (ደረጃ) የሚባል ዓምድ አለን። 8.0 ይህን ቃል ለራሱ ተግባር ፈለገው፤ ለልማት ተፈለገ እንደሚባለው መሆኑ ነው፤ ካሳም ምትክም የለም። እኔም ከኪቦርዱ ግራ ጥግ ያለችውን ዘመም ያለች ጭረት ከቃሉ ግራና ቀኝ እየተከልኩ፣ በ63 ቦታ አጥር አጥሬ ይዞታዬን አስከበርኩ። ያናደደኝ ሥራው ሳይሆን መንገድ አጠቋቆምዎ ነው። ስህተቱ ያለው ‹ከዚህ አጠገብ፣ መስመር 1 ላይ› ነው ይላሉ። ጌታዬ፣ ለዳታቤዙ ያቀረብኩት ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር የተጻፈው በአንድ መስመር ነው! ቤት ለጠፋው እንግዳ ‹አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ አጠገብ› ብሎ ስልኩን እንደ መዝጋት ነው።

ይህንንስ ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት በ1055 ስም ያደረጉትን ነው።

ማኅበራችን በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከየቀበሌው ከፍተኛ ቆጣቢ ለሆነው አባል ጋቢ ይሸልማል። ጥያቄዬ ቀላል ነበረች፦ አባላቱን በቀበሌ መድብና ከፍተኛውን ቁጠባ ከአባሉ ስም ጋር አምጣ። እርስዎ ግን ‹ከፍተኛው ቁጠባ አንድ ነው፤ ስሙ ግን የማን ይሁን? ቀበሌው 140 ሰው አለበት› ብለው ነገር አነሡ። አሮጌው ዳታቤዝ አፉ በታሰረበት ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። ከ140ው አንዱን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተመዘገበውን፣ አንሥቶ ከትልቁ ገንዘብ ጎን ያስቀምጠው ነበር። ጨዋ ነበር።

አሁን የአራት ዓመቱን ዝርዝር መለስ ብዬ ስመረምር፣ አንድ አባት አራት ጋቢ ወስደዋል። በሒሳባቸው ውስጥ ያለው 350 ብር ነው። በተሸለሙ ቁጥር ምርቃታቸው አዳራሹን ይሞላው ነበር፤ ለምን እንዲያ ከልባቸው ይመርቁን እንደነበር ዛሬ ገባኝ። እውነተኛዋ ከፍተኛ ቆጣቢ እናት ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ያጨበጭባሉ። ጭብጨባቸው ዓመት በዓመት እየቀዘቀዘ ሲሄድ የዕድሜ ነገር መስሎን ነበር። ጋቢ አምጡ ይባላል? እስቲ ሄደው እርስዎ ይንገሯቸው፤ ነገሩን ያወጡት እርስዎ ነዎት።

በነገራችን ላይ፣ የማይናገር ዘመድም አለዎት። 5.7 ‹ግሩፕ ባይ› (መድብ) ሲባል፣ ደርድር ተብሎ ሳይታዘዝም ውጤቱን በተራ ይደረድር ነበር፤ 8.0 ካልታዘዝኩ አልደረድርም ይላል። ምንም የስህተት ቁጥር የለው፣ ምንም ጩኸት የለው። ሥራ አስኪያጁ ብቻ ሪፖርቱን ይዘው መጥተው ቀበሌ 11 ከቀበሌ 3 ለምን እንደቀደመ ጠየቁኝ፤ ዓይናቸው አድልዎ እንደጠረጠረ ሰው ዓይን ነበር።

ወደ ቀኑ ልመለስ። ትናንት ዓርብ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ 2017-02-29 ብለው ሲያስገቡ በ1292 ስም ብቅ ብለው ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› አሉ። ጥቅምት 29 የለም! ነገሩ፣ እኔ የእኛን ቀን በፈረንጅ የቀን ዓምድ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው። ሁለተኛው ወር ለእኛ ጥቅምት ነው፤ ለእርስዎ ፌብሩዋሪ። ከ13ቱ ወሮቻችን 11ዱ ያለ ቀረጥ ያልፋሉ፤ ጥቅምት ወደ መጨረሻው ትያዛለች፤ 13ኛ ወር የሆነችው ጳጉሜን ከነጭራሹ አታልፍም። አሮጌው እንዲህ ያለውን ቀን ሁሉ 0000-00-00 ብሎ ይመዘግበውና ዝም ይል ነበር። ስለዚህ በዕንቁጣጣሽ ወጪ ሳይበገሩ በጳጉሜን የቆጠቡ አባላቶቻችን በሙሉ ዘመን ሳይቆጠር የቆጠቡ ሆነው ተገኝተዋል። ወለዱን ከዚያ ጀምሮ እናስላ ቢሉ ማን ይችላቸዋል?

እስከ ጳጉሜን ልክ አሥር ወር አለኝ። እስከዚያ ዓምዶቹን አስተካክላለሁ። አልዋሽዎትም፦ ዛሬ ጠዋት ያችን የአፍ ማሰሪያ መስመር መልሼ ልጽፋት ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ ይቅር፣ በወግ በደብዳቤ ልክሰሰው አልኩ። ደብዳቤውንም በወጪ መዝገባችን ላይ ላሰፍር ቀኑን 2017-02-30 ብዬ ስጽፍ፣ ተመልሰው መጡ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለ አራት ጋቢው አባት (ለጊዜው አይላክ)