ሦስቴ ካልተባለ አይበላም

ጎጃም ውስጥ በመጀመሪያው «ብላ» እጁን ወደ መሶቡ የሚሰድ እንግዳ አሳዳጊ የበደለው ነው። ወግ ያለው ሰው «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። በሁለተኛው «ኧረ አሁን ነው ከማዕድ የተነሳሁ» ይላል። በሦስተኛው «በሞቴ!» ላይ ብቻ ጋቢውን ሰብስቦ ጠጋ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመዋል።

የፋይበር መስመር ጠባቂ ማሽኖችም ይሄው ይሉኝታ አለባቸው። በኤስዲኤች (ስልክና ዳታ በፋይበር የሚጓጓዝበት ሥርዓት) ኔትወርክ ዋናው መስመር ሲበጠስ ወደ ተጠባባቂው ለመዛወር ሁለቱ ጫፎች ኬ-1 እና ኬ-2 በሚባሉ ባይቶች ይነጋገራሉ። እነዚህን ባይቶች የያዘ የመረጃ ጥቅል፣ ፍሬም የሚሉት፣ በየ125 ማይክሮ ሰከንዱ ይደርሳል፤ ተቀባዩ ያንኑ ቃል በሦስት ተከታታይ ፍሬም ካላየ አይቀበልም። ሦስቱ «ብላ» በ375 ማይክሮ ሰከንድ አለቀ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ወጡ ይቀዘቅዛል።

ደግሞ ሦስቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ አንድ ቢት ከተለወጠ ቆጠራው እንደ አዲስ ነው። ለዚህ ሥራ የቅኔ ተማሪ አይቀጠርም። ቅኔ አይደገምማ! መስመሩ ተበጥሶ እሱ ሰም ይቀይራል።

ኬ-1 ሰላምታ አያውቅም፤ ከብቱ እንዴት ነው፣ አዝመራው እንዴት ነው የለም። አራቱ ቢት ምን እንደደረሰ፣ አራቱ የማን መስመር እንደሆነ ይናገራሉ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን የሚሄደው ፋይበር ተቆረጠ እንበል። መጀመሪያ የሚያውቀው መስማት ያቃተው ደጀን ነው። በተጠባባቂው መስመር «ቻናል 1 ጠፋኝ» ይላል። ደብረ ማርቆስ ትራፊኩን፣ የሚጓዘውን መረጃ፣ በተጠባባቂውም ላይ ይለቅና በኬ-2 «ቻናል 1ን አስገብቻለሁ» ብሎ ይመልሳል። ደጀን ይህን አይቶ ነው ጆሮውን የሚያዞር። ጉዳቱን ለማወቅ 10፣ ለመዛወር 50 ሚሊ ሰከንድ ተፈቅዷል። ሀብታም ቤት ግን አንዱን ወጥ ሁልጊዜ በሁለት ድስት ይሠራል፤ ላኪው በሁለቱም መስመር ይልካል፣ ተቀባዩ የተሻለውን ይመርጣል። እያንዳንዱ ጫፍ ለራሱ ብቻ የሚመርጥ ከሆነ ንግግሩም አያስፈልግ።

ነገር የሚበላሸው በአባወራው ነው። ቴክኒሻኑ ለጥገና ይመጣና «ተጠባባቂው አይነካ» የሚለውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ በኬ-1 ላይ 1111፣ ከሁሉም በላይ የሚቀመጥ ቃል። ሥራውን ጨርሶ ምሳ ይሄዳል፤ ትእዛዙን ክሊር ማድረጉን፣ መሰረዙን፣ ይረሳል። ከወር በኋላ ዋናው መስመር ይበጠሳል። ማሽኑ መበጠሱን አይቷል፣ ተጠባባቂው ደህና ነው፣ ግን አይነካም። «ይቺን ገንቦ እስክመለስ ማንም እንዳይነካት» ብለው ገበያ የወጡ አባወራ ቤት እንዲህ ነው፤ እንግዳ በጥም ይደርቃል፣ ጠላው ይኮመጥጣል። የጥገና ቅጽ ላይ «ክሊር ተደርጓል» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ገንቦውን ትከፍተው ነበር።

ዋናው ሲጠገንም ትራፊኩ ወዲያው አይመለስም፤ ከ5 እስከ 12 ደቂቃ ይጠብቃል። ተቀያይማ እናቷ ቤት የገባች ሚስት ሽማግሌ በላኩላት ዕለት ተመልሳ ታውቃለች? ብየዳው ላላ ብሎ እንደገና ቢቋረጥ ደግሞ መሄድ ነው፤ መመላለሱ ከኩርፊያው የባሰ ነው።

ከደጀን ባሕር ዳር ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ፣ አንዱ በቢቸናና በሞጣ። ዋናውን በአንዱ ተጠባባቂውን በሌላው መላክ ነው ዘዴው። ሁለቱን ባንድ ቦይ መቅበር ግን ሙሽራውንና ሚዜውን ባንድ በቅሎ መጫን ነው። ኤክስካቫተሩ አንዴ ሲዝቅ ሁለቱም ይሄዳሉ፤ ኬ-1 የሚላክበት መስመር ራሱ የለምና «ብላ» የሚል አይገኝም። ሹፌሩ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ «አንድ ሽቦ ቆረጥሁ መሰለኝ» ሊል ስልኩን ያወጣል።

ኔትወርክ የለም።