ፋንድያውን ማን ይዝቃል?

ጎንደር ውስጥ ፈረሰኛ ያልሆነ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ የሚጎድለን ፈረሱ ብቻ ነው። በጥምቀት ሰሞን ጉግስ ሲጫወቱ ዙሪያውን የከበበውን ሕዝብ ስሙት። «ልጓሙን አላላው እንጂ!» ብሎ የሚጮኸው ከባጃጅ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቶ የማያውቅ የባንክ ሠራተኛ ነው። «እርካቡ አጥሮበታል» የሚሉት ደግሞ ፈረስና በቅሎ ለመለየት መነጽር የሚያስፈልጋቸው ጡረተኛ ናቸው።

አይፈረድብንም። ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር አጠገብ የዞብል መቃብር የሚባል ጉልላታም ሕንፃ አለ፤ ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነበር ይባላል። እኛ ለመቃብር ቦታ ከእድር ዳኛ ጋር ስንጨቃጨቅ ፈረሱ በጉልላት ሥር አርፏል። በፋሲል ግቢ ውስጥም የዐፄ በካፋ የፈረስ ጋጣ ዛሬም ይጎበኛል። አስጎብኚዎች ስለ ንጉሡም ስለ ፈረሶቹም አሳምረው ይተርካሉ። ፋንድያውን ማን ይዝቅ እንደነበር ሲናገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው በፈረሶቻቸው ስም ተጠሩ፤ ሣር ያቀርብ የነበረው ሰው ግን በማንም ስም አልተጠራም።

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ «እንግሊዝ አገር ኒውማርኬት ሄጄ የፈረስ እሽቅድምድም እማራለሁ» ብሎ ቤተሰቡን ቡና ላይ አስቀመጠ። ተማሪው እዚያው እያደረ የሚማርበት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አለ። ከተማዋ ራሷ ወደ 3,000 የሚጠጉ የውድድር ፈረሶች የሚሠለጥኑባት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ፈረስ መንገድ ሲያቋርጥ መኪናው ቆሞ ያሳልፋል።

አጎትየው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የጎንደር ልጅ ፈረስ ሊማር እንግሊዝ! ለዓሣ ዋና ልታስተምረው ነው?»

«ጋሼ፣ እነሱም እኮ የቆየ ነገር አላቸው» አለ ልጁ። «ዐፄ ፋሲል በሕይወት ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1666፣ ዳግማዊ ቻርልስ ኒውማርኬት ላይ ውድድር አቋቁመዋል። በ1671 ደግሞ ራሳቸው ጋልበው አሸንፈዋል።»

«ንጉሥ ሲጋልብ ማን እናቱ የወለደችው ይቀድመዋል?» አሉ አጎትየው። እኔም በልቤ ተስማማሁ።

ከዚያ ልጁ የተማሪውን ውሎ ተረከ፤ ቤቱ ጸጥ ያለው ያን ጊዜ ነው። ተማሪው ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ቁርስ የለም፣ ጸሎትም ካለው በልቡ ነው፤ አካፋና የእጅ ጋሪ ይዞ በቀጥታ ወደ ጋጣ ይሄዳል። ክብደቱ 500 ኪሎ የሚደርስ ፈረስ በቀን 20 ኪሎ ያህል ፋንድያ ይጥላል። ተማሪው እርጡቡን ጉዝጓዝ ከደረቁ ይለያል፣ ይዝቃል፣ ይገፋል፣ ወለሉን ይጠርጋል። ቀጥሎ ፈረሱን ይቦርሻል፣ ሰኮናውን አንሥቶ በመንቆሪያ ብረት ይጠርጋል፣ ይጭናል። መጋለብ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወርዶ ያጥበዋል፣ ቁርሱን ይቀምሳል፣ ሌላ ፈረስ ይጭናል። ከሰዓት በኋላ ልጓምና ኮርቻ ይወለውላል። ማታ እንደገና ወደ ጋጣ ተመልሶ የፈረሱን እግር ከጉልበት እስከ ሰኮና በመዳፉ ይዳስሳል፤ ትኩሳት ወይም እብጠት ካገኘ ሮጦ ይናገራል። የእሱን እግር የሚዳስስለት የለም።

«ሎሌ ነዋ!» አለች እናቱ። «ሎሌ ልትሆን ነው በለኛ!»

ልጁ ሎሌነቱን ትቶ ወደ ግልቢያው ተሻገረ፤ የባሰ መጣ። በእሽቅድምድም ኮርቻ ላይ አይቀመጡም። እርካቡ በጣም ያጥራል፣ ጋላቢው ጉልበቱን አጥፎ፣ መቀመጫውን ከኮርቻው አንሥቶ፣ ጀርባውን እንደ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይበራል። ለዚህም በመጀመሪያ የሚለማመዱበት የሚወዛወዝ መካኒካል ፈረስ አላቸው። ልጁ ሊያሳየን የሶፋው መደገፊያ ላይ ወጣ። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይደርስ ጭኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላቡም ቄጠማው ላይ ተንጠባጠበ።

«የማይቀመጡበት ከሆነ ኮርቻው ለምን ተጫነ?» አሉ አጎትየው። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው አላየሁም። የበዓል ጉግሳችን ላይ እርካቡ «አጥሮበታል» እየተባለ የሚተቸው ፈረሰኛ ምናልባት ከዘመኑ የቀደመ ይሆናል።

እናትየውን የሰበራት ግን የክብደቱ ነገር ነው። ጋላቢ ኪሎው ይቆጠራል፤ ከውድድር በፊትና በኋላ ከነኮርቻው ሚዛን ላይ ይወጣል። እኛ ዘንድ ሚዛን ሌላ ሥራ አለው። ፒያሳ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ ሰው ከፍሎ ይወጣና ሁለት ኪሎ ጨምሮ ካገኘው ፊቱ በርቶ ይወርዳል፣ ለልጁም ጉርሻ ይጨምርለታል። «ከሳህ» ማለት እዚህ አገር ለቅሶ ነው፤ እዚያ ትምህርት ቤት ምርቃት ነው። እናትየው ወዲያውኑ ዳቦ ቆሎ፣ ጩኮና በሶ ስንት ኪሎ በአውሮፕላን እንደሚያልፍ ጠየቀች። ልጁ በሶውን አልከለከለም፤ ለፈረሱም ገብስ ነው አለ።

ስለ ጃፓንም ነገረን። የጃፓኑ ትምህርት ቤት በቺባ ግዛት ሺሮይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተ ነው፤ የጋላቢነቱ ትምህርት ሦስት ዓመት ይፈጃል። የአገሪቱ ጋላቢዎች በውድድር ዋዜማ ተሰብስበው ያድራሉ፣ ከውጭ ሰው ጋር በስልክ መገናኘትም ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ስድስት ወጣት ጋላቢዎች ስልክ ተጠቅማችኋል ተብለው ለ30 ቀን ታግደዋል። ይህ ደንብ ጎንደር ቢመጣ የሚጋለብ ፈረስ እንጂ የሚጋልብ ሰው አይገኝም። ቪዲዮ ካልተነሣ ማን ሊወጣ!

አንድ ነገር ብቻ እናትየውን አጽናናት። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የውድድር ፈረሶች ሁሉ፣ በየትኛውም ወር ቢወለዱ፣ የልደታቸው ቀን በፈረንጅ ጥር 1 ነው ተብሎ ይመዘገባል። «ይሄማ የእኛው ወግ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ልደቱን የማያውቅ ሰው ሁሉ የጉዞ ቅጽ ሲሞላ የሚጽፈው ይህንኑ ቀን ነው።

ጉባኤው በመጨረሻ ልጁ በቅድሚያ እዚሁ ይፈተን ብሎ ወሰነ። ሠፈራችን ውስጥ አንድ ባለጋሪ አሉ፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ጋጣ ያጸዳላቸው ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባለጋሪው አብረውት ይዝቁ ነበር። ወዲያው የፕላስቲክ ወንበር አስመጡ። ከወንበሩ ላይ በጨንገር እያመለከቱ «ከጥጉ! ከጥጉ ቀርቷል!» ይላሉ። አሁን «ባልደራስ» ካላሏቸው አቤት አይሉም።

ልጁም ቶሎ ገባው። ሰሞኑን አካፋው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የሠፈሩን ሊስትሮ በቀን ሂሳብ ይዞታል። ሊስትሮው ይዝቃል፣ ልጁ ሊስትሮውን ያዛል፣ ባለጋሪው ልጁን ያዛሉ። ፈረሱ ሦስቱንም ያያል።

እናትየው ባለፈው እሑድ ከእድር ስትመለስ አገኘኋትና «ፈተናው እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ምን ይጠየቃል!» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ገና ሳይሄድ ሰው ቀጥሮ ያሠራል እኮ!»